የሳለው ማን ነው?

«ሳለ» የምትለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ሸክም ተሸክማለች። ሠዓሊው ሥዕል ሳለ እንላለን። ጉንፋን የያዘው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳለ እንላለን። ገበሬው ማጭዱን ሳለ እንላለን። ልጇ የታመመባት እናትም ለታቦት ተሳለች እንላለን። ግዕዝ ግን አራቱን ለየብቻ ያውቃቸዋል፤ ሥዕሉ ከ«ሠዐለ»፣ ሳሉ ከ«ሰዐለ»፣ ልመናው ከ«ሰአለ»፣ ማጭዱ ደግሞ ከ«ሰሐለ» የመጡ ናቸው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን በዘመን ብዛት ሲጥል አራቱ ወንድማማች ያልሆኑ ቃላት አንድ ልብስ ለብሰው ቀሩ። እነሆ ዛሬ «ስለት» ስንል የቢላዋው አፍ ይሁን ለቅዱሱ የተገባው ቃል ኪዳን፣ ዐረፍተ ነገሩ ካልነገረን በቀር አንለየውም።

ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የብረቱን ስለት ነው፤ በተለይም ለአደንና ለጦር የተሳለውን። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ዝምታ አለ። ማን እንደ ወረወረ እናውቃለን፤ ማን እንደ ወደቀ እናውቃለን፤ ፈረሱም ሳይቀር ስም አለው፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን እንጠራዋለን። ጦሩን ቀጥቅጦ የሳለው ሰው ግን ማን ነው? ዜና መዋዕሉ አይመልስም። ፉከራውም አይመልስም።

*

ከዋግ እንነሣ። ፃግብጂ በዋግ ኽምራ ካሉት ወረዳዎች አንዷ ናት። አገሩ ተራራና ገደል ነው፤ ክረምት ሲገባ ከሰቆጣና ከፃግብጂ ሸንተረር የሚወርደው ውሃ ዞሮ ዞሮ ተከዜ ይገባል። ሕዝቡ ከአማርኛው ጋር ኽምጣንጋ የተባለውን የአገው ልሳን ይናገራል። ይህ የዋግሹሞች አገር ነው፤ ዘራቸውን ከዛግዌ ነገሥታት የሚቆጥሩ መሳፍንት ሰቆጣ ተቀምጠው አገሩን ለብዙ ዘመን አስተዳድረውታል። ሰቆጣ ከሰሜን የሚመጣው የአሞሌ ጨው የሚራገፍባት የታወቀች ገበያም ነበረች።

እንዲህ ባለ አገር ስለት ቅንጦት አይደለም። እህሉ በማጭድ ይታጨዳል፤ መሬቱ በማረሻ ይገለበጣል፤ ፍየሉ በካራ ይታረዳል። ማጭድ ሲዶለዱም ቀኑ ይዶለዱማል፤ ዝናብ ሳይቀድመው ሊሰበሰብ የሚገባው አዝመራ እርሻው ላይ ያድራል። ስለዚህ ገበሬው ደጃፉ ላይ፣ ለብዙ ዓመት ከመሳል የተነሣ መካከሉ የጎደጎደ ድንጋይ አያጣም።

ከማጭዱና ከካራው ጋር በደገኛው ቤት የማይታጣ ሌላ ብረት ነበር፤ ጦር። ቋንቋችን ለዚህ መሣሪያ የሰጠው ክብር ወሰን የለውም። ሠራዊቱ «ጦር» ተባለ፤ ውጊያው «ጦርነት» ተባለ፤ አዛዡ «የጦር አበጋዝ» ተባለ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት የፃግብጂ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ሲሰደድ የተተኰሰበት ከባድ መሣሪያ እንጂ የተወረወረ ጦር አልነበረም። ስሙ ግን አሁንም ጦርነት ነው። መሣሪያው ካለፈ በኋላ ቃሉ መቶ ዓመት ተሻግሮ ይኖራል።

*

የስለት ታሪክ ከብረት በፊት ይጀምራል፤ የሚጀምረውም ከእኛው አገር ነው። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ በተባለ ሥፍራ የተገኙ፣ ከባልጩት የተጠረቡ ሹል ድንጋዮች ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በድንጋዮቹ ጫፍ ላይ ያለውን ስብራት መርምረው ከእጅ ተወርውረው እንስሳ የወጉ የጦር ጫፎች ናቸው ብለዋል።

ለዋግ ሰው የሚቀርበው ግን የሽንፋው ወሬ ነው። ሽንፋ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ ነው። በዳርቻው ሲቆፍሩ የነበሩ ተመራማሪዎች በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። የዛሬ 74,000 ዓመት በዚያ ወንዝ ዳር ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዚያው ዘመን በሩቅ ምሥራቅ፣ በሱማትራ ደሴት፣ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዐመዱ ጋር የተጓዙ፣ በዓይን የማይታዩ የመስታወት ቅንጣቶች ሽንፋ ዳር አፈር ውስጥ ተገኙ። ከዚያም አየሩ ደረቀ፤ ወንዙ እየተቆራረጠ ኩሬ ሆነ። ሰዎቹም ከአራዊቱ ይልቅ ዓሣ ማጥመዱን አበዙ።

ከአጥንቱና ከሰጎን እንቁላል ቅርፊቱ ጋር ደቃቃ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ተገኝተዋል። ለጦር እጅግ ያንሳሉ። ቅርጻቸውና የደረሰባቸው ስብራት ሲታይ የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ አጥኚዎቹ። ይህ ከጸና በዓለም ላይ ከታወቁት የቀስት ምስክሮች ሁሉ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በአማራ ክልል ቆላ፣ በሽንፋ ዳር የተገኘው ነው ማለት ነው። ቀስትን ስናስብ ወደ እንግሊዝ ደን ወይም ወደ ሞንጎል ሜዳ የምንጋልብ ሰዎች ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል።

ሆኖም ደገኛው ቀስትን የራሱ አላደረገም። በኋለኛው ዘመን እርሱ ባለጦርና ባለጋሻ ነበር፤ ቀስተኛው ቆለኛው ነው። በመተማና በቋራ፣ በመተከልም የሚኖሩት ጉሙዞች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በቀስታቸው የታወቁ ናቸው። የደጋው መኳንንት ደግሞ ለብዙ ዘመን ወደዚያ ቆላ የሚወርዱት ባሪያ ለመፈንገል ነበር። እንግዲህ ቀስት በደገኛው ዓይን የጀግና መሣሪያ ሳይሆን የሚታደነው ሰው መከላከያ ሆኖ ቀረ። በጠላትነት የታየ ሰው መሣሪያው እንኳ አብሮት ተናቀ። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ቀጥቃጩ ስንደርስ ይመለሳል።

*

ብረት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ገደማ በግሪክኛ የተጻፈና የኤርትራ ባሕር ዙሪያ ጉዞ በመባል የሚታወቅ የነጋዴዎች መመሪያ አለ። ጸሐፊው ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገባውን ዕቃ ሲዘረዝር ከጨርቁ፣ ከመስታወቱና ከናሱ መካከል ብረትን ይጠራል፤ ብረቱም ለዝሆንና ለሌሎች አራዊት አደን፣ ለጦርነትም የሚሆን ጦር ይሠራበታል ይላል። ከወደቡ የሚወጣው ደግሞ የዝሆን ጥርስ ነበር።

ይህችን ቀጭን መረጃ ቀስ ብሎ ላነበባት የአክሱም ንግድ ግማሽ ታሪክ በውስጧ አለ። ብረት ከባሕር ማዶ ገባ፤ ስለት ሆነ፤ ስለቱ ዝሆን ጣለ፤ ጥርሱ ተመልሶ ባሕር ተሻገረ። በብረቱና በጥርሱ መካከል፣ ጸሐፊው ያልጠቀሰው አንድ ሰው ተቀምጧል። ወናፉን እየነፋ፣ ጥሬውን ብረት መስፍ ላይ አስተኝቶ እየቀጠቀጠ፣ ቅጠል እያስመሰለ የሚያወጣው ሰው። እርሱ ባይኖር ኖሮ ብረቱ ብረት ሆኖ፣ ዝሆኑም ዝሆን ሆኖ በቀሩ ነበር።

ስለት እንዴት እንደሚገድል ማወቅ የዚህን ሰው ሥራ ለመመዘን ይረዳል። ጥይት አጥንት ይሰብራል፣ ሥጋ ያናውጣል። ጦርና ፍላጻ ግን የሚገድሉት በመቁረጥ ነው፤ የደም ሥር ተቆርጦ ደም ሲፈስ አውሬው ይወድቃል። የዶለዶመ ጫፍ የደም ሥሩን ወደ ጎን ገፍቶ ያልፋል፤ አውሬው ቁስሉን ይዞ ይሄዳል፤ ከብዙ ሥቃይ በኋላ አዳኙ በማያየው ሥፍራ ይሞታል፤ ወይም ዞሮ አዳኙን ይገድላል። ስለዚህ አዳኝ ስለቱን የሚመረምረው ለኩራት ብቻ አይደለም። ለራሱ ነፍስም፣ ለአውሬውም ምሕረት ነው።

መሳልም ቢሆን ማሹል ብቻ አይደለም። እጅግ የቀጠነ አፍ ፀጉር ይላጫል፤ አጥንት ሲነካ ግን ይሸረፋል። የወፈረ አፍ አጥንቱን ይችላል፤ ሥጋውን ግን በቅጡ አይቆርጥም። ባለሙያው በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ በእጁ ያውቀዋል። ብረቱን ከድንጋዩ ጋር በአንድ ዓይነት ጋደል አድርጎ፣ ውሃ እያርከፈከፈ ይገፋዋል። ውሃው ብረቱ እንዳይግል ይጠብቀዋል፤ የጋለ አፍ ጥንካሬውን አጥቶ ይለሰልሳልና። አንዱ ጎን ሲሳል በወዲያኛው ጎን በጣት እንጂ በዓይን የማይታወቅ ቀጭን የብረት ክር ይቆለመማል፤ ያን ክር በቆዳ ላይ እያሹ ካላነሡት ስለቱ በመጀመሪያው ቁርጥ ይታጠፋል። ይህ ሁሉ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። ከአባት እጅ ወደ ልጅ እጅ ሲተላለፍ ኖረ።

*

ከዋግ ተራሮች ሥር የሚያልፈው ተከዜ ወደ ምዕራብ ወርዶ ሰቲት ይባላል፤ ከዚያም አትባራን ይቀላቀላል። የዋግ ገበሬ የሚያውቀው ውሃ በታችኛው ዳርቻው በዓለም የታወቁ የስለት አዳኞች የነበሩበት ወንዝ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን ሲወርድ በጨርቂን በኩል አለፈ። በዚያ ያየውን የዝሆን አደን በመጽሐፉ ገልጾታል። ሁለት ሰዎች ራቁታቸውን በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ። ፊተኛው ፈረሱን ይነዳል፤ ዝሆኑንም እየጮኸ ያስቆጣዋል። ኋለኛው ጎራዴ ብቻ ይዟል። ዝሆኑ ፈረሱን ሲከተል ኋለኛው ዘሎ ይወርድና ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በአንድ ምት ይቆርጠዋል። በአንድ ምት መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ስለቱ ያን ቀን ከደነዘ ያ ሰው በማግሥቱ የለም።

ከ90 ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በሰቲት ዳር ከሐምራን ዐረቦች ጋር አደነ። ቤከር እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጎራዴያቸው አያያዝ አጥብቆ ይናገራል። አዳኙ ባረፈበት ሁሉ ጎራዴውን ይመዝዛል፤ በቆዳ ጋሻው ላይ ወዲያና ወዲህ ያሸዋል፤ የክንዱን ፀጉር ካልላጨለት በቀር ወደ ሰገባው አይመልሰውም። የሚደንቀው ደግሞ ብረቱ የአገሩ አለመሆኑ ነው። ቤከር እንደሚለው የጎራዴው ብረት የመጣው በጀርመን አገር ካለችው ዞሊንገን ከተማ ነው። ብረቱ የባዕድ፣ ስለቱ ግን የባለቤቱ ነበር። አዱሊስ ላይ የነበረው ታሪክ በሺህ ስምንት መቶ ዓመት ርቀት ተደገመ ማለት ይቻላል። ብረት ይገዛል። ስለት ግን በየቀኑ፣ በየማረፊያው፣ በገዛ እጅ ይሠራል።

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከባሕር ማዶ አንድ ሰው ልጥራ። እ.ኤ.አ. በ1911 በካሊፎርኒያ፣ ነገዱ ተጨፍጭፎ ያለቀበት አንድ ሕንድ ከተራራ ወርዶ ተገኘ። በወገኖቹ ሥርዓት ሰው የራሱን ስም በራሱ አፍ አይጠራም፤ የሚጠራለት ደግሞ አንድም አልቀረለትም። ስለዚህ ኢሺ ተባለ፤ በቋንቋቸው «ሰው» ማለት ነው። ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጅ ሆነው፤ ኢሺም ቀስት መሥራትንና ማደንን፣ ባልጩትንና የጠርሙስ ስባሪን በቀንድ ጫፍ እየፈለፈሉ ስለት ማውጣትን አሳየው። ፖፕ የባልጩቱንና የብረቱን ጫፍ አወዳድሮ ሲፈትን ባልጩቱ ጠልቆ ገባ። ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1916 ሞተ። ፖፕ ስለ ቀስት አደን በጻፈው መጽሐፍ የተነሣ በአሜሪካ ዛሬ በቀስት የሚያድኑ ሁሉ የፖፕን ስም ያነሣሉ። ያስተማረው ሰው ትክክለኛ ስም ግን ለዘላለም አይታወቅም። ስመ ቢሱ ጥበበኛ በእኛ አገር ብቻ አልተወለደም ለማለት ነው።

*

ወደ አገራችን እንመለስ። በ18ኛው መቶ ዓመት ከትግራይ ተነሥተው ጎንደርን የገዙ አንድ ታላቅ ሰው ነበሩ፤ ራስ ሚካኤል። ቅጽላቸው «ስሑል» ነው፤ ከዚያው ከ«ሰሐለ» የወጣ፣ የተሳለ ማለት ነው። በአእምሯቸው ስለት የተነሣ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። ታሪክ ግን አንዳንዴ ይቀልዳል። «የተሳለው» ራስ ጠላቶቻቸውን ያሸነፉት በስለት አልነበረም። የምጽዋን መንገድ በመያዛቸው ያገኙት ጠመንጃ ነበር የኃይላቸው ምንጭ። ዐፄ ኢዮአስን በ1761 ዓ.ም. አስገድለው ሌላ ንጉሥ ሲያነግሡ፣ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የሚወስነው ማን ስለት እንዳለው ሳይሆን ማን ባሩድ እንዳለው እንደሆነ ግልጥ ሆነ።

ይህን ትምህርት በመራራ ዋጋ የተማሩት ከዋግ የወጡት ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ዋግሹም ጎበዜ፣ አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ የተገደሉባቸው፣ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አሳደሱ። ነገር ግን በትግራይ በዝብዝ ካሣ ነበሩ፤ የእቴጌ ድንቅነሽ ወንድም፣ የንጉሡ አማች። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄዷል፤ ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠልጥኗል።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ በዓድዋ አጠገብ፣ አሳም ወንዝ ዳር ገጠሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት ወደ 60,000፣ የካሣ ወደ 12,000 እንደነበር ይነገራል። አምስት እጥፍ ማለት ነው። ቢሆንም የብዛት ነገር ከባሩድ ፊት አልቆመም። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ፤ በእስር ላይ ሳሉም ሞቱ። ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ያ ሁሉ የተሳለ ጦር ከወርዋሪው ክንድ እስኪወጣ ጥይቱ ቀድሞ ደርሷል። የዋግ ዙፋን በስለት ዘመን ማብቂያ ላይ ወጣ፤ ከስለት ዘመን ጋርም ወረደ።

ስለት ግን ፈጽሞ አልሞተም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋጉ ዋግሹም ጓንጉል ከእነ ሠራዊታቸው ከተሰለፉት መካከል ነበሩ። ብዙ ሺህ ሰው ጠመንጃ አልነበረውም፤ የያዘው ጦር፣ ጎራዴና ጋሻ ነበር። ያ ብረት ከወዴት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እያንዳንዱ ጦር በአንድ ቀጥቃጭ እሳት ውስጥ አልፏል። እያንዳንዱን ጎራዴ አንድ እጅ ስሎታል። ድሉን ስናከብር ከወርዋሪው ጋር ለዚያ እጅ ጥቂት ቦታ አልሰጠነውም።

*

ለምን አልሰጠነውም? መልሱ ደስ አይልም። ቀጥቃጩ በአገራችን የተናቀ ሰው ነበር። ጠይብ እንለዋለን፤ ቡዳ ነው እንላለን፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል እንላለን፤ ዓይኑ ልጅ ይበላል እንላለን። ልጃችንን አንድርለትም። ከእርሱ ማጭድ እንገዛለን፤ ከእርሱ ጋር ግን አንበላም።

የንቀቱ ሥር ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ እስራኤሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ መደረጉ ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው ምን ይበላል? ከመሬት ያልበቀለ እንጀራ መፈለግ ግድ ሆነበት። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፤ ሴቲቱ ሸክላ ሠራች። በጎንደርና በሰሜን ለብዙ መቶ ዓመታት የገበሬው ማረሻ፣ የወታደሩም ጦር ከእነዚህ ሰዎች እጅ ይወጣ ነበር። በመጀመሪያ መሬቱን ነፈግነው፤ ቀጥሎ መሬት ስለሌለው እጁን ወደ እሳት አገባ፤ በመጨረሻም እጁን ወደ እሳት ስላገባ ናቅነው። ቀስተኛውን ያሳደድነው ቀስቱንም እንደ ናቅን ሁሉ፣ ርስት የነፈግነውን ሰው ሙያውንም ናቅን።

ነገሩ እንግዳ የሚሆነው ፍርሃቱ ሲታሰብበት ነው። ድንጋይ መሳዩን አፈር እሳት ውስጥ ከትቶ ብረት የሚያወጣ፣ የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚያጠነክር ሰው በተመልካቹ ዓይን ምሥጢር አለው። የማናውቀውን ጥበብ ወይ እናከብረዋለን ወይ እንፈራዋለን። እኛ የመረጥነው ፍርሃቱን ነው፤ ፍርሃታችንን ደግሞ ንቀት አለበስነው።

ንቀቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከነገሥታቱ መካከል የተረዱ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የባዕድ አገር ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት የራሳቸው አገር የብረት ጥበብ ለብዙ ዘመን ተገፍቶ ባለበት ስለቀረ ጭምር ነው። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ፣ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ የሚል ሁሉ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፤ ይቀጣልም የሚል ነበር ሐሳቡ። በዚያ ዘመን ከዙፋን ላይ እንዲህ ያለ ቃል መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። አዋጁ ግን የሰውን አፍ ለጊዜው ዘጋ እንጂ ልቡን አልሳለውም። «ቡዳ» የሚለው ቃል ዛሬም ከከተማም ከገጠርም አልጠፋም።

*

ዛሬ ጦር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ወይም በሙዚየም መስታወት ውስጥ ተኝቷል። አደኑም በሕግ የታሰረ ነው፤ ዝሆኑም ከአብዛኛው አገራችን ጠፍቷል። ስለ አደን ስለት መጻፍ ያለፈ ዘመን ናፍቆት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቀጥቃጩ አልጠፋም። በገጠር ገበያ ዳር ዛሬም ወናፉን ያናፋል። ጥሬ ዕቃው ብቻ ተለውጧል። ድሮ ከአፈር የሚያወጣውን ብረት ዛሬ ከመኪና ያገኘዋል። ከአረጀ የጭነት መኪና ሥር የሚወልቀውን ባሌስትራ ቆርጦ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ማረሻ፣ ካራና መጥረቢያ ያደርገዋል። ያ ብረት የመኪናውን ሸክም እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ተጣጥፎ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም፤ ለስለትም የተመቸ ነው።

ባሌስትራ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያኖች ያን ተደራራቢ የመኪና ብረት እንዲህ ያሉት እንደ ቀስት ስለሚለጠጥ ነው፤ በቋንቋቸው «ባሌስትራ» በመጀመሪያ የሚታወቀው በመካከለኛው ዘመን የነበረ የቀስት ዓይነት ሆኖ ነው። እነሆ ደገኛው ንቆ ለቆለኛው የተወው ቀስት በጣልያን ዞሮ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ገበያው መጣ። ቀጥቃጩም ሳያውቀው ቀስቱን ሰብሮ ማረሻ ያደርገዋል።

እንግዲህ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ያላነሡትን ሰው እኛ የቃል ወዳጆች እንዴት እናንሣው? ስሙን ልንፈጥርለት አንችልም። አንድ ነገር ግን እንችላለን። ሙዚየም ገብተን ከጦሩ ሥር «የእገሌ ጦር» የሚል ጽሕፈት ስናነብ፣ «የሳለውስ ማን ነው?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ገበያ ዳር ተቀምጦ ማረሻችንን የሚያድስልንን ሰው በሙያው ሳይሆን እናቱ ባወጣችለት ስም መጥራት እንችላለን። መልስ ባይገኝ እንኳ ጥያቄው ራሱ ዕዳ መክፈል ነው።

ቋንቋችን የብረቱንና የልመናውን «ስለት» አንድ ማድረጉ ለዚህ ጽሑፍ በጀኝ። በጥቂት ስንኝ ልሰናበታችሁ፤

ወርዋሪው ገነነ፣ ዘፈን ተዘፈነ፤
የሳለው ሰው ግና፣ ስሙ ተከደነ።
ለባለ ስለቱ፣ ስለት ተሳልኩለት፤
ስሙን የሚጠራ፣ አንድ ሰው ቢገኝለት።

ቸር እንሰንብት።